ከማጂ የወረድንበት ቀን

ትናንት ሚዛን መናኸሪያ አንድ አይሱዙ አጠገቤ ሲቆም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ሐሳቤ ወዲያው ሰባት ዓመቴ ላይ ከማጂ ወደወረድንበት ቀን ሄደ።

እናቴ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አባቴ ለምኖ ያገኘው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብተናት ወደ ሚዛን ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። ክረምት ነው፤ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ጎርፍ የመንገዱን ግማሽ ገደል ከቶታል። ሾፌሩ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ወርዶ ጭቃውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ አየና ተመለሰ።

«ልጅቷን ይዘህ ውረድ» አለው አባቴን።

«ሚስቴን ትቼ?»

«እሷ መራመድ አትችልም፤ እኔ አሻግራታለሁ። ለልጅቷ ግን አንዳችሁ ቅሩላት።»

እኔ እናቴን ይዟት ሊጠፋ መስሎኝ አለቀስኩ። አባቴ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። መኪናው ጎማው ድንጋይ ወደ ገደሉ እያንከባለለ፣ የፍሬን ሸራው እየሸተተ በዝግታ አለፈ። ማዶ ሲደርስ አባቴ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

እናቴ ሚዛን ደርሳ ወንድሜን በሰላም ተገላገለች። ሾፌሩ ሆስፒታሉ በር ላይ አውርዶን ሄደ፤ በጥድፊያ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። «አንዳችሁ ቅሩላት» ያለው የገባኝ እኔም ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴ ዛሬም ስትጸልይ ልጆቿን በየስማችን ትጠራና «ያንንም ሾፌር ባርክልኝ» ትላለች፤ «ስሙን አንተ ታውቃለህ።»