ሙሽራ በሁለተኛ ማርሽ

ባለፈው እሑድ የእህቴ የልጅ ልጅ ሜላት እኔንና አያቷን ከሳሪስ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በመኪናዋ ወሰደችን። እኔ ከፊት፣ እህቴ አስናቀች ከኋላ ተቀምጠናል። መኪናዋ አሮጌ ማንዋል ናት፤ ሜላትም መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ሙዚቃው በሩን እስኪያንቀጠቅጥ ተከፍቷል። ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ትንገፈገፍ ጀመር። እግሬ ሥር ተሰማኝ እንጂ ሞተሩን መስማት አልቻልኩም፤ የሚሰማው ዘፋኙ ብቻ ነው።

"ልጄ፣ እስቲ እሱን ዝጊልኝ፤ ሞተሩን ልስማው" አልኳት።

"ሞተር ደግሞ ይሰማል እንዴ አባባ? ጌጁ እኮ እዚህ አለልዎት" አለችና ቀስቱን በጣቷ አሳየችኝ። ዘጋችው ግን። ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነበር። "ሦስተኛ አስገቢ" አልኳት። አስገባች፤ መኪናዋም ትንፋሿ ተመለሰላት።

አስናቀች ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሜላት በመስታወቱ አየቻትና "ምን ያስቅሻል እማማ?" አለቻት።

"አባባን ጠይቂው። በሰርጌ ዕለትም እንዲሁ አገሩን ሁሉ ዝም በሉ ብሎ ነበር።"

እንግዲህ ከተነሳ ልናገረው። ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ባቡሩ ከድሬዳዋ እየመጣ አቃቂ ሲደርስ የሚያሰማው ፉጨት ለእኛ የሰዓት ያህል ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሆነን በሱ ምሳ እንበላለን፣ በሱ ከብት እናስገባለን። ዛሬ ሕንፃና መጋዘን የሞላበት ሜዳ ያኔ ጤፍና ሽንብራ ብቻ ነበር። እኔም እዚያው አንድ ባለ እርሻ ዘንድ ትራክተር ነጂ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር።

ትራክተሩ በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም። ቀይ እንደነበር የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። የሞተሩን ፍጥነት የሚያሳየው ሰዓት መስታወቱ ተሰብሮ፣ ቀስቱ ከታች ተጋድሞ ቀርቷል። ማርሹ የሚገባው ትራክተሩ ሲቆም ብቻ ነው፤ እየሄድኩ ልቀይር ያለ ሰው የሚያተርፈው የብረት መፋጨት ነው። ነዳጁ ደግሞ በእግር አይረገጥም፤ ከመሪው ሥር ባለች እጀታ በእጅ ይገፋል። ወደፊት ስትገፋት ሞተሩ ይጮሃል፣ ወደኋላ ስትመልሳት ረጋ ይላል። እዚያ መካከል የቱ ጋ መቆም እንዳለባት የሚነግርህ ጆሮህ ብቻ ነው።

ያስተማሩኝ ጋሽ ደበላ የሚባሉ የዚያው እርሻ የቀድሞ ነጂ ነበሩ። የእኛ አገር መሬት መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። ጀማሪ ሁሉ መሬቱ ሲይዘው የሚሠራት ስህተት አንድ ናት፦ አንደኛ ማርሽ ያስገባና እጀታዋን እስከ ጥግ ይገፋል። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጭቃውን እየቆፈረ ራሱን ይቀብራል። ጋሽ ደበላ ይህን እንዳልሠራ ዓይኔን በጋቢያቸው ሸፍነው ከማሳው ዳር ያስቀምጡኝና ራሳቸው እያረሱ "አሁን ምን ይላል? ደክሞታል ወይስ ተርፎታል?" ይሉኛል። የደከመ ሞተር ድምፁ ይወፍራል፣ የተረፈው ይቀጥናል። ምሳዬን በአገልግል ይዛ የምትመጣው አስናቀች ነበረች። እኔ ሽሮዬን እስክጨርስ አብራኝ ትቀመጣለች፤ መልሱን ስስት ቀድማኝ ትስቃለች። ያኔ በእኔ መሸፈን የምትስቅ ነበር የሚመስለኝ።

አስናቀችን ያጫት ተፈራ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና የተረጋጋ ልጅ ነበር። ቤታቸው ከጣቢያው አጠገብ ነው። እናቱ ወይዘሮ በለጡ ግን በወግ ጠባቂነታቸው የታወቁ ናቸው። ያን ጊዜ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏ ቤት እስክትገባ ራሷን አታቀናም፣ እግሯ መሬት አይነካም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃል አይወጣትም። የወይዘሮ በለጡ የመጀመሪያ ልጅ ሚስት በሰርጓ ዕለት ከዓይነ ርግቡ ሥር ሳቀች ተብሎ፣ ልጆች ወልዳ እንኳ "ያቺ የሳቀችዋ" ነበር የምትባለው። እናታችን ከሳምንት በፊት ጀምራ አስናቀችን "አደራሽን፣ አፍሽን" ትላታለች። አስናቀች አፏን ለመጠበቅ የተፈጠረች ልጅ አልነበረችም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ ሆነ። በዋዜማው ሌሊት የበልግ ዝናብ ሲያወርደው አደረ። ሙሽራዋን እንድትወስድ የተከራዩዋት መኪና ጭቃውን አይታ ከወንዙ ማዶ ቀረች፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹም ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። አባቴ እንግዶቹን በዶሮ ወጥና በጠጅ ሲያረሳሳ እኔ ሮጬ አሠሪዬን ትራክተሩንና ተሳቢውን ለመንኩ። ፈቀደልኝ። ተሳቢው ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ወንበር ደርድረን፣ ሙሽሮቹን አስቀመጥን። ጠጁ በፊቴ እየተንቆረቆረ እንዴት እንደሸተተኝ ዛሬም አልረሳውም፤ አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም።

ሜዳውን በሦስተኛ ማርሽ በደስታ ጨረስነው። ከበሮው ይመታል፣ ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ የሠፈራችን ሴቶች እልል ይላሉ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር በቀላሉ ተሻገርን። ከወንዙ ማዶ ግን ዳገቱ አለ። አጭር ነው፣ ነገር ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አሙለጭልጮታል። ጫፉ ላይ ትንሽ ሜዳ አለች፣ ከሷ ቀጥሎ ሐዲዱ ነው። ወይዘሮ በለጡና የባቡር ሠፈር ሰው ከሐዲዱ ወዲያ ቆመው ይጠብቃሉ።

ከዳገቱ ሥር አቆምኩ። ተሳቢው ፍሬን የለውም፤ የትራክተሩም ቢሆን አለ ለማለት ያህል ነው። መካከል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ትራክተሩም ተሳቢውም እህቴም ወደኋላ ተንሸራተው ወንዙ ውስጥ ነው የምንገባው። አንደኛ ማርሽ ባስገባ ጎማው ይሽከረከራል። ሦስተኛ ባስገባ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሁለተኛ አስገባሁ። እጀታዋን ከግማሽ ትንሽ አሳለፍኳትና ተውኳት፤ ከሥር ጀምሮ ሁሉንም የሰጠ ሰው ሞተሩ ሲደክም የሚጨምርለት የለውም። መቼ እንደምጨምርና ስንት እንደምጨምር ግን መስማት ነበረብኝ። ከበሮው ደግሞ ጆሮዬ ሥር ነው።

ተሳቢው ላይ የተሳፈረውን ሰው ውረዱ አልኩ። በደስታ ወረዱ፤ መሬት ላይ መጨፈር ይሻላል። ሙሽራዋን ተሸክሞ በእግር ይውሰዳት እንዳልል ዋናው ሚዜ ግርማ ገና ሲመጣ እዚያው ዳገት ላይ ወድቆ የሱሪው ጉልበት ጭቃ ነበር። ስለዚህ ተሳቢው ላይ ሙሽራዋ፣ ሙሽራውና አንዲት አሮጊት አክስታችን ቀሩ።

ቀጥዬ "አሁን ደግሞ ዝም በሉልኝ" አልኳቸው።

ሁሉም የምቀልድ መሰላቸው። ግርማ ወደ እኔ ጠጋ አለ። የተፈራ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው በትራክተር ነጂ ሲታዘዝ እንዴት እንደሚከብደው ከፊቱ ይነበባል።

"ሙሽራ ዝም ተብሎ ይወሰዳል? ሬሳ ነው የያዝነው?"

"ሞተሩን ካልሰማሁት አልሄድም።"

"እናቲቱ እዚያ ቆመው እየሰሙን ነው። ዘፈኑ ቢቋረጥ ምን ይላሉ? ሟርት ነው ይሄ።"

አክስታችንም ተቆጣችኝ፤ "ታደሰ፣ እህትህ ላይ አታሟርትባት" አለች። ግርማ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ከበሮውም ከበፊቱ ብሶ ተነሳ። እኔ እጀታዋን ይዤ ተቀምጫለሁ። ልመለስ አልችልም፣ ልሄድ አልችልም። ያን ቀን የተሰማኝን ያህል ብቸኝነት ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው የተሰማኝ።

"ዝም በሉ።"

ድምፁ ከኋላዬ ነው የመጣው። ዞር ስል ሙሽራዋ ከነዓይነ ርግቧ ቀና ብላለች።

"ዝም በሉ ብያለሁ። ወንድሜ ሞተሩን ይስማ።"

ከበሮ መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሙሽራ ተናገረች። አክስታችን በመዳፏ አፏን ያዘች። ተፈራ ሚስቱን አያት፣ ከዚያ ግርማን አይቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀለት። ያ ሁሉ ሰው ጭጭ አለ። የወንዙ ውሃ ሲሄድ እንኳ ይሰማ ነበር።

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ጎማው ጭቃውን ነከሰ፣ ያዘ፣ መውጣት ጀመርን። ሰዎቹ ከጎን ከጎን በጣታቸው ጫፍ እንደሚራመዱ ዓይነት ይከተሉናል። ግማሹ ላይ ስንደርስ ተሳቢው ከበደና ሞተሩ ወፈረ። ወፈረ፣ ወፈረና ሊቆም ሲል እጀታዋን የጣት ያህል ገፋኋት። ጎማው ሊሽከረከር አንዴ ተንሸራተተ፤ ከዚያች በላይ ብጨምር ኖሮ እዚያው እንቆፍር ነበር። ጠበቅኩ። ሞተሩ ሁለቴ ተንገፈገፈና ድምፁ ቀጠነ፣ ጠራ፣ ወጣ። ሜዳዋ ላይ ደርሼ ሳቆም እጄ ከእጀታዋ ላይ አልላቀቅ ብሎኝ በሌላው እጄ ነው ያነሳሁት። ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ በክንዴ ጠረግኩት።

በዚያው ቅጽበት የዕቃ ባቡር መጣብን። ሐዲዱን እስኪለቅ ቆመን ጠበቅን። ነጂው ተፈራን ያውቀው ኖሮ ሙሽሮቹን ሲያይ ፉጨቱን ለቀቀው፣ ሳያቋርጥ እያስጮኸው አለፈ። የእኛም ሰው የታፈነውን እልልታ ሁሉ አንድ ላይ አወጣው።

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሐዲዱን ስንሻገር ወይዘሮ በለጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"ምን ሆናችሁ ነው ዘፈኑን ያቆማችሁት?"

ግርማ መሬት መሬቱን አየ። የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ አክስታችን ሊደበቅ የማይችል መሆኑን አውቃ፣ "ሙሽራዋ ናት ዝም ያሰኘችን፤ መንገዱ አስፈርቶ ወንድሟ ሞተሩን እንዲሰማ ነው" አለች። ወይዘሮ በለጡ ወደ ተሳቢው ቀረቡ። ዓይነ ርግቡን በሁለት ጣታቸው አነሱ።

"አንቺ ነሽ?"

አስናቀች ራሷን ነቀነቀች። አሁን ዝም ማለቷ ነው።

"እኔ ዘፈኑ ሲቋረጥ ልጄ ወንዝ የገባ መስሎኝ ነበር" አሉና ጉንጯን ይዘው አገላብጠው ሳሟት። "እሰይ የኔ ልጅ። እንኳን ተናገርሽ።"

ግርማ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያወርዳት አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ ወንዙ ጥሎሹን ወሰደ ተባለ። ጫማውን ማግስቱን ተሳቢውን ስጠርግ ቄጠማው ሥር አገኘሁት፤ በመንገጫገጩ የወለቀ ነበር የመሰለኝ። አስናቀችና ተፈራ ጣቢያው አጠገብ ባለው ቤት አራት ልጆች አሳደጉ። ወይዘሮ በለጡ በጠና ታመው ሳሉ እንኳ ጠያቂ ሲንጫጫባቸው "አስናቀችን ጥሩልኝ፣ ዝም ታሰኝልኝ" ይሉ ነበር።

ይህን ተርኬ ስጨርስ ሜላት መኪናዋን ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አቁማ ነበር። እኔም ኩራት ቢጤ ሽው አለብኝ። "አያትሽ ጆሮዬን አምና ነው ያን ሁሉ ሰው የደፈረችው" አልኳት።

"ማን አምኖህ?" አለች አስናቀች ከኋላ።

ዞርኩ።

"ዝም በሉ ያልኩት እኔም ልሰማው ፈልጌ ነው። ከጠፋ ልዘል ነበራ። ጫማዬን በቄጠማው ውስጥ አውልቄ ነበር የተቀመጥኩት፤ ስንደርስ አንዱን ማግኘት አቃተኝ።"

"ተፈራንስ ትተሽው?"

"እሱ የባቡር ሰው፤ መዝለል ያውቃል።"

ሜላት መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አስናቀች ግን ሳቋን ቀድማ ጨረሰች።

"ግማሹ ላይ ስንደርስ ወፈረ" አለች። "ቀሚሴን ሰብስቤ ልነሳ ነበር። ከዚያ ትንሽ ጨመርክለት። ትንሽ ብቻ። ቀጠነልኝ፣ ተቀመጥኩ።"

ያቺን የጣት ያህል ነዳጅ ከእኔ በቀር የሰማት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ብቻዬን ነበር የምሸከማት። ሜላት ወርዳ በሩን ከፈተችልን። አስናቀች እጇን ሰጠችኝ፣ ይዣት ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን።