የአመልካች ጣቴ እገዳ

በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፦ የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከመንፈሳዊ አገልግሎት ታግዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስከ ማታ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነበረብኝ። አባባ ደግሞ አንኮበር ብቻውን ታሞ ተኝቷል።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዳዊቴን ገለጥኩና ጣቴን ጣል አደረግኩ። «ወደ አዲስ አበባ ሂድ» የሚል አላገኘሁም። ደግሜ ገለጥኩ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሻይ ጣድኩ፣ ረሳሁት፣ አሁንም ገለጥኩ። ያው ገጽ!

«ተአምር!» ብዬ እህቴን ጠራኋት።

«የምን ተአምር?» አለች ገጹን አይታ። «የሰኞው ዳዊት እኮ ነው። ሰኞ ትጀምራለህ፣ ማክሰኞ ታቋርጣለህ። መጽሐፉ እዚያው ላይ መከፈት ለምዷል!»

(የሐሙሱ ገጽ ገና ዛሬ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። አልዋሽም።)

«ታዲያ እግዚአብሔር ምን እያለኝ ነው?»

«አንተ! አባትህን አክብር የሚለውንም በጣትህ ልትፈልገው ነው? ከልጅነትህ ጀምሮ በቃልህ ታውቀው የለ?»

ዳዊቴን ዘግቼ አስቀመጥኩ። ለቀጣሪዎቹ «እምቢ» ብዬ ልኬ አሁን የአንኮበር መኪና ውስጥ ነኝ፤ ልቤ ግን ገና አልተረጋጋም። እናንተስ፣ የምትፈልጉት ቃል እስኪመጣ ስንት ጊዜ ገለጣችሁ?

እርማት፦ ትናንት በዚህ ገጽ «እግዚአብሔር ዝም ብሎኛል» ተብሎ የተለጠፈው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አባባ ሲደውል ስልኩን አላነሳሁም።