ቄጠማው እስኪመጣ

ዘንድሮ በቀዳም ሥዑር ልጄ ከገበያ አንድ እስር ቄጠማ ይዛ መጣች። ሥሩ ላይ ጥቁር ጭቃ ነበረበት። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የረግረጉ ሽታ መጣብኝ፤ የበሰበሰ ሣር፣ የሞቀ ውሃ፣ የዓሣ ሽታ። ያለሁበት ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሸዋ ሮቢት በታች፣ ወንዙ ሜዳውን ሲያገኝ የሚተኛበት ሰፊ ረግረግ ነበር። ዛሬ ውሃው በቦይ ተጠልፎ ቦታው የሽንኩርት ማሳ ሆኗል፤ ለሚያርሱት እግዚአብሔር ይባርክላቸው። በዚያ ዘመን ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላና ደንገል ሞልቶበት፣ ሾላዎቹም ሥራቸውን ውሃ ውስጥ ዘርግተው ይታዩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ቄጠማ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የሚያመጣውም አባቴ ነበር። በየዓመቱ በቀዳም ሥዑር ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያጭዳል፤ ካህናቱ ለምእመናን ከማደላቸው በፊት ያደርሳል። ስለት እንዳለበት አውቃለሁ፤ የምን ስለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ስቅለት ሲሰግድ ዋለና ማታ ወባው ተነሣበት። ከሐሙስ ጀምሮ አክፍሎ ስለነበር እህል ውሃ አልቀመሰም። ሲነጋ እናቴ ኪኒንና ውሃ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«የነፍስ አባታችን የታመመ አያከፍልም ብለዋል እኮ። ጠጣ በማርያም።»

«ቄጠማው ሳይመጣ አልጠጣም።»

ረግረጉ ዳር የሚያርሱ አንድ ሙስሊም ወዳጅ ነበሩት። በየዓመቱ ውሃውን የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው። ቢጠብቁት ሲቀርባቸው ሊያዩት መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙ።

«አንተ ሰው፣ ረመዳን ላይ ስታመም ብላ ብለህ የጨቀጨቅኸኝ አንተ አይደለህም?» አሉት።

አባቴ በዚያ ከንፈሩ ፈገግ አለ። «አንተማ ሰበብ ስትፈልግ ነበር።»

«እንግዲያው እኛ ብናመጣልህ ትጠጣለህ?»

«ካየሁት እጠጣለሁ።»

እናቴ ጥላው መሄድ አትችልም። ማጭዱን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

መጀመሪያ በእግር ነው የሚኬደው። ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ መሬቱን በዘንግ እየወጉ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። «እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጪ። ጭቃው ከያዘሽ አትታገዪው፤ ቀስ ብለሽ አውጪ» አሉኝ። እኔ ግን ቀስ የምልበት ልብ አልነበረኝም፤ በየእርምጃው የአባቴ ከንፈር ይታየኛል። ስቸኩል እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። በብብቴ ይዘው አወጡኝ።

«አይዞሽ። አባትሽም መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጫማውን ለረግረጉ መርቆ ነው የተመለሰ» አሉኝ።

ጥልቁ ጋ ስንደርስ ታንኳቸውን ከሾላው ሥር ፈቱ። ታንኳ እንበለው እንጂ ከሥሩ ባዶ ጀሪካኖች የታሰሩበት የእንጨት ርብራብ ነበር። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ቆመው በዘንጉ እየገፉ ወሰዱኝ። ፊላው ከግራና ከቀኝ ገጠመብን። የመንገዱ የመኪና ድምፅ ጠፋ። ከዘንጉ የሚንጠባጠበው ውሃና የጀሪካኖቹ መጋጨት ብቻ ይሰማል። ፀሐይዋ በፊላው መሐል እየሾለከች ስትገባ ውሃው ሻይ መሰለ። አንድ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ አየን፤ አልሸሸም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲያ አላገኘሁም። ደስ ሊለኝ ሲል አባቴን አስቤ አፈርኩ፤ አቀረቀርኩ።

«ስለቱ የማን እንደሆነ ነግሮሻል?» አሉኝ።

«አልነገረኝም።»

«ያንቺ ነው። ጡት ሳትጥዪ ወባ ይዞሽ ዓይንሽ ተገልብጦ ነበር። ልጄ ከተረፈች በየዓመቱ ቄጠማውን እኔ አመጣለሁ አለ። እኔም አሻግርሃለሁ አልኩት። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።»

ቄጠማው ያለበት ስንደርስ ወርጄ አጨድኩ። አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲጣበቅ አይቻለሁ፤ ላላቅቀው አልቆምኩም። እሳቸው ከኋላዬ እያሰሩ ርብራቡ ላይ ይከምራሉ። «በቃ፣ በቃ፣ ያሰምጠናል» እስኪሉኝ ድረስ አጨድኩ።

ከዳር በአህያቸው ጭነን ቤተ ክርስቲያን አደረስን። እሳቸው በሩ ላይ ቀሩ። ቄሱ ባርከው የመጀመሪያውን እስር ለእኔ ሰጡኝ፤ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ነቅቶ ነበር። ቄጠማውን ግንባሩ ላይ አሰርኩለት። ገላው ይፋጃል።

«ውሃው ሞልቷል?» አለኝ።

«ሞልቷል።»

«ተመስገን» አለና ከእጄ ጠጣ። ኪኒኑንም ዋጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፋሲካን ከእኛ ጋር ዋለ። ከፍትፍቱ ቀመስ አደረገ፤ አንድ ጊዜም ሳቀ። በማግስቱ በማዕዶት፣ ቀትር ላይ፣ ዐረፈ። አርብ ማታ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ዓመት አስቤአለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። የሰጠም እግዚአብሔር፣ የወሰደም እሱ ነው። የልጅ ልጆቹን ባያይም፣ እነሱ የመጡት እኔ ስለተረፍኩ ነው።

ቀብሩ ላይ የነፍስ አባታችን «ሃምሳው ነው፤ ክርስቶስ ተነሥቷልና ዋይታ አይገባም» አሉ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆመች። እኔም እሷን አይቼ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ወዳጁ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ስንወጣ ወደ እኛ አልመጡም። የሽርጣቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እኛ ያላለቀስነውን ያለቅሱልን ነበር።