እናቴ በጽድ ጫካ ውስጥ

በደርግ ጊዜ ጉለሌ የነበረው ጎረቤታችን የቀበሌውን መፈክር በቀይ ጨርቅ ላይ የሚጽፍ ሰዓሊ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በሩን ከፍቶ በዘይት ቀለም ጫካ ይስላል። ባሕር ዛፍ አይስልም፤ ባሕር ዛፉማ ከቤታችን ጀርባ ሞልቷል። ጽድና ወይራ ነው፤ ሥሩ ፀሐይ የሾለከችበት ለስላሳ ሣር። የተልባ ዘይቱ ሽታ እስካሁን ይናፍቀኛል።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ሸክሟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሥዕሉን አየችው።

«ይሄን ሁሉ ጭራሮ ማንም አልለቀመውም?» አለች። «ዘበኛም የለው!»

ሰዓሊው ሳቀ። «እትዬ፣ ይግቡና ይልቀሙት! እስልዎታለሁ።»

«ከሳልከኝስ ቁጭ ብዬ ሳለኝ። ጫካ ገብቼ ቁጭ ያልኩበት ቀን የለም።»

እንዳለችው አደረጋት። ወይራ ሥር እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ። ፊቷ የጥፍሬን ያህል ነው፤ ግን እሷው ናት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለ ሥዕሉ በወሬ ሰምቶ ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅለው ፈለገ። ተማሪ ሆኜ ግጥም እጽፍ ስለነበር፣ ከሥሩ የኔ ግጥም እንዲለጠፍ ተወሰነ። እስከዚያ ቀን ከደብተሬ የወጣ ግጥም አልነበረኝም። አራት ጊዜ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት።

ሊቀ መንበሩ ሥዕሉን ሊያይ መጣ። «ይቺ ሴትዮ ምን እየሠራች ነው?»

«እያረፈች ነው» አለ ሰዓሊው።

«ሰፊው ሕዝብ ለምርት ሲዘምት እሷ ታርፋለች? እንጨት አሸክማት፣ ጓድ። እስከ ነገ።»

ሲወጣ ሰዓሊው ብሩሹን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። «እናትህ ናቸው። ግጥሙም ያንተ ነው። ምን ላድርግ?»

«እሺ ጋሼ፣ ያሸክሟት» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ትከሻዋን በቫዝሊን እያሸች ነበር።

«እህሳ፣ አዳራሹ ውስጥ ሊያስቀምጡኝ ነው?» አለች እየሳቀች። «እንጨት ለሚለቅሙት ሁሉ አውርቻለሁ። እናንተ ስትሸከሙ እኔ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ ብያቸዋለሁ።»

«አይሰቀልም» አልኳት። «እኛ ቤት ይሁን ተብሏል።»

ማንም እንዲህ አላለም። ሮጬ ተመልሼ ያልኳትን ለሰዓሊው ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ሥዕሉን አውርዶ አስታቀፈኝና ለአዳራሹ የሚሆን ትራክተር መሳል ጀመረ። ትራክተሩ ሥር የሌላ ልጅ ግጥም ተለጠፈ። ቅናቱ ሳምንት ሙሉ በላኝ።

ያን ቀን ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ጫካውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ግድግዳው ላይ ለካሁት።

«ወደ ግራ» አለች እናቴ። «ከምድጃው አርቀው፣ ጭሱ እንዳያጠቁረኝ።»