የነጃሺ አገር ልጅ

መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ቤት ስሠራ ማማ ነበር የምላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሻይ ሳቀርብ ክንዴን ይዛ ታስቆመኝና ወሬዋን ትጀምራለች። ይቺ የነጃሺ አገር ልጅ ናት፤ የነቢዩ ባልደረቦች ከዚሁ ከመካ ሲሰደዱ ያስጠጋቸው፣ አሳልፌ አልሰጥም ያለው ንጉሥ፤ በስሙ የሚጠራ ከተማ አላቸው፣ ቀብሩም እዚያ ነው ትላለች። እንግዶቹ ማሻአላህ ይላሉ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ነጃሺ ከተማ ትግራይ ነው፣ በደጁም አልፌ አላውቅ። ግን ሰው ሲያሞግሰኝ ምን አስለፈለፈኝ፤ ዝም ብዬ እኮፈሳለሁ።

ታናሽ እህቴ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ እጇን ስታነሳባት ጥላ ወጣች፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እዚያው ቀረ። ሰቢል ሰፈር የተጠጋችበት ቤት አከራይ ወረቀት የሌለው አላሳድርም አላት። በስልክ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። አገር መግቢያ ወረቀቷ እስኪያልቅ ማደሪያ ካጣች ጎዳና ላይ ናት።

እኔ ቂሏ ምን ሐሳብ አለብኝ፣ ያን ሁሉ ወሬ ስሰማ ኖሬ! ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይገኛል ብዬ፣ ማማ የዐስር ሰላቷን እስክትጨርስ ጠብቄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። እንዳገሬ ወግ ዱዓ አስቀድሜ፣ እህቴን አስጠጊልኝ ስል በነጃሺ ስም ለመንኳት።

መቁጠሪያዋን አቆመች።

"ልጄ፣ ነጃሺ ንጉሥ ነበር፤ ቤቱ የራሱ ነው። ይሄ ቤት የልጄ ነው፤ እኔም ተጠግቼ ነው ያለሁት።"

ወላሂ ተናደድኩ። ለወሬው ጊዜ ቤቱ የማን ነበር? ሆድ ይፍጀው ብዬ ማድቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ሻዩን አስቀምጬ መውጣት ሆነ፤ እሷም ወሬውን ተወችው። እህቴን እዚያው ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ያሉ የአገራችን ሴቶች፣ ራሳቸው ተፋፍገው በሚያድሩበት ክፍል፣ ጠጋ ጠጋ ብለው አስተኟት። ወረቀቷ አልቆ አገሯ እስክትገባ ከነሱ ጋር ነበረች።

በኋላ እኔም ስመለስ ማማ በር ድረስ ሸኘችኝ። ነጃሺ ቀብር ስትደርሺ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ አማና ነው አለችኝ። ከአንገት በላይ እሺ አልኳት።

አደራ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ጦርነቱ አብቅቶ የትግራይ መንገድ ሲከፈት ከእህቴ ጋር ወደ ቀብሩ ሄድን። ከደጁ ቆሜ አስቀድሜ የማማን ሰላምታ አደረስኩ። እህቴ ሰምታኝ ያቺ ያላስገባችኝ ናት ወይ አለች። አዎ አልኳት። እሷም ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ያ ረቢ፣ የራሷን ቤት ስጣት።"

አሚን ለማለት ቆየሁ። ግን አልኩ።