ጋቢ የለበሰው የዳቦ ማሽን

ማሽኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያመጣሁት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ላዩ ላይ እንጫነው ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን ከማሽኑ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«ምንድን ነው የኔ ልጅ? ጀነሬተር ነው?»

«አይ አባባ፣ ዳቦ መጋገሪያ ነው።»

«ይሄ?» ክዳኑን በጣታቸው አንኳኩት። «እሳቱ በየት ነው የሚገባው?»

«በኤሌክትሪክ ነው። ዱቄቱን፣ ውሃውንና እርሾውን ጨምሮ መዝጋት ነው። ራሱ ያቦካል፣ ራሱ ይጋግራል።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ።

«ራሱ አይበላም አይደል?»

ከኋላችን የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥለው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእህቴ ነው፣ ሞታብኝ ዕቃዋን እያመጣሁ ነው አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። «አላህ ይዘንላት» አሉና በየመታጠፊያው ማሽኑ እንዳይንሸራተት በአንድ እጃቸው ይዘውልኝ ደሴ ገባን።

እህቴ ታላቄ ናት። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን የሦስት ሰው ቤት ነበር፤ የእናቴ፣ የእሷና የእኔ። እሷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ስታገኝ እዚያው ቤት ተከራየች። ማሽኑን ከዐረብ አገር ከተመለሰች ጎረቤቷ ገዛችው። በዕረፍቷ ቀን ወደ እኛ ስትመጣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ነው። እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጨርቁን ትቀበላታለች። ሁለቱም ከዳቦው ላይ እየቆረሱ ነው የሚተቃቀፉት።

ከዚያ ታመመች። ብዙም አልቆየች። ስለዚህኛው ገና መጻፍ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ስለ ዳቦው ልጻፍ።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ምግብ ተወች። እንዴት ልበል፣ ጭራሽ አልተወችም። ፊቷ ስቀመጥ ትጎርሳለች። ዞር ስል ሳህኑ እንዳለ ነው። ጎረቤት የሚያመጣው ሁሉ እየተመሰገነ ይመለሳል። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን ጠዋት ብዙ ስለምናት ሰለቻትና፣

«የእሷ ዳቦ ቢሆን እበላ ነበር» አለችኝ።

ምናልባት ዝም እንድል ብላ ነው። እኔ ግን ያዝኩት። ወደ ጓዳ ገባሁና ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት።

የመጀመሪያው ችግር ቁልፎቹ ነበሩ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። እኔ ደግሞ መድረሳ ተምሬአለሁ፤ ፊደሉን አነብበዋለሁ፣ ትርጉሙን ግን አላውቀውም። እህቴ ኮምቦልቻ ስታሠራኝ የምትጫነው የትኛውን እንደነበር ለማስታወስ ከላይ እስከ ታች እየጎተትኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከመኝታ ክፍል የእናቴ ድምፅ መጣ፤

«አሚን።»

ቁርኣን የምቀራ መስሏት ነው። ይሄ የዳቦ ማሽን ነው ልላት አፈርኩ። እኔም አሚን አልኩና አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ቢስሚላህ ሳልል ማቡካት ጀመረ።

ቀድሜ የጨመርኩበትን ልክ አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ ስሄድ የፉርኖ ዱቄቱን እየለካሁ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ውሃውም፣ ዘይቱም፣ ጥቁር አዝሙዱም እንደዚያው ነው። ማሽኑ ጨርሶ ጢጥ ሲል ክዳኑን ከፈትኩት። ዳቦው ጠርዙ ቆሟል፤ መሀሉ ግን ሰርጓል። ሾርባ ቢጨመርበት ይይዛል።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን እትዬ ገቡ። እትዬ ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን ናቸው። ለፋሲካ ድፎ ሲጋግሩ ለእኛ ይደርሰናል፤ ለዒድ ደግሞ ከእኛ ወደ እሳቸው ይሄዳል። በሥጋ እነሱም የየራሳቸው፣ እኛም የየራሳችን ነን። በዳቦ ግን ድንበር የለንም። ስለዚህ ስለ ዳቦ የመናገር ሙሉ መብት አላቸው፤ መብታቸውን ደግሞ ይጠቀሙበታል።

«ይሄ ዳቦ ነው መታጠቢያ?» አሉኝ።

«ምን እንደሆነ አላውቅም እትዬ።»

«ብርዱ ነው።»

ደሴ ላይ ጥፋተኛ ሲጠፋ ብርዱ አለ። ባጃጅ አልነሳ ሲል ብርዱ ነው። ተማሪ ሲያረፍድ ብርዱ ነው። ሙሽራ ስትኮራ እንኳ ብርዱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም አመንኩ። ሆጤ ተወልዶ ብርዱን የማያምን የለም።

«ይሄ የቆላ ልጅ ነው» አሉ እትዬ፣ ማሽኑን በማዘን እያዩት። «ኮምቦልቻን ለምዶ እዚህ ሲመጣ መታው። እርሾውን እጥፍ አድርግለት። ደግሞም አልብሰው።»

«ማሽን ይለበሳል እንዴ?»

«ሊጥ ሳይለብስ ኩፍ ሲል የት አየህ?»

እውነታቸውን ነው፣ የትም አላየሁም። በማግሥቱ እርሾውን እጥፍ አደረግሁ። እትዬ የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ማሽኑን ዙሪያውን ጠቀለሉት፤ ቁልፎቹ ብቻ እንደ ፊት እንዲታዩ ትተው ጫፉን ከኋላ ቋጠሩት። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ መሰለ። ሁለታችንም ፊቱ ቁጭ አልን።

«አየህ፣ ሞቀው» ይላሉ እትዬ እየዳበሱት። «አብሽር፣ አሁን ይነሳል።»

ተነሳ። ወላሂ፣ እንደ ጦሳ ተራራ ነው የተነሳው። ክዳኑን ገፍቶ ወጣ። መጀመሪያ ያየነው ጋቢው ሲነፋ ነው። እትዬ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ከዚያ የተቃጠለ ሊጥ ሸተተ፤ ቀጥሎ ጭስ። እትዬ ጋቢያቸውን ሲጎትቱ ሊጡም አብሮ ተጎተተ፤ እሳቸው ወደ በር በሄዱ ቁጥር እየተለጠጠ ይከተላቸዋል።

«ያ አላህ! ቤቱን ልታነዱት ነው?»

እናቴ ነበረች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ሳይጎትታት ከክፍሏ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሶኬቱን ነቀለችው። ክዳኑ ሲከፈት የቀረው ሊጥ እፍ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ እንደ ቦርከና ወንዝ። እናቴ እትዬን አየቻቸው፣ በእጃቸው የያዙትን አየችው።

«ጋቢሽን ጋገርሽው እኮ!» አለች።

«ቆይ እስኪ፣ ገና አልበሰለም» አሉ እትዬ።

እናቴ ሳቀች። በሙሉ ድምፅዋ ነው የሳቀችው። ወዲያው ግን በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ጥፋት እንደሠራ ሰው ዞር ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኔና እትዬ ሊጡን ከጋቢው ላይ መላጥ ያዝን። ሳቋን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። የዚያን ቀን ምሳዋ ግን እንዳለ ነው የተመለሰው።

በሳምንቱ እህቴ የተከራየችውን ቤት ቁልፍ ለአከራይዋ ልመልስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቁልፉን ሰጥቼ ስመለስ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ከአንድ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ የድንች ጥብስ ገዛሁ። መብላቱን ረሳሁት። ደሴ ስደርስ ከኪሴ ሳወጣው ላስቲኩ እንደ ኳስ ተወጥሯል። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ አልነበረም። መንገድ ላይ ቆሜ በጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት።

ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ከፊዚክስ ጋር ደግሞ አንዋደድም ነበር። ግን መምህራችን ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ዕቃውን ከላይ የሚጫነው ነገር ያንሳል ያለው ትዝ አለኝ። የድንቹ ላስቲክ የሚጫነው ሲያንስ ከተነፋ፣ ሊጡስ? ኮምቦልቻ ላይ በልኩ የሚነሳው ሊጥ እዚህ ያለ ልኩ ይነሳል፤ ከዚያ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ብርዱ ምንም አላደረገም ማለት ነው! ማሽኑ ውስጡን ራሱ ያሞቃል። እኛ ግን ሳይበርደው አለበስነው፤ መቀነስ ሲገባን ጨመርንለት።

ይህን ለእትዬ ማስረዳት ከዳቦው ይከብዳል።

«በብርድ አገር እርሾ ሲቀነስ የት ሰማህ?»

«እትዬ፣ እሱ አልበረደውም። የበረደዎት እርስዎ ነዎት።»

«የድንች ላስቲክ ነው ይሄን ያስተማረህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ልይ። ካልሆነ እኔ ድፎዬን እጋግርላታለሁ፤ አንተም ይሄን ነገር ለዶሮ ማደሪያ ታደርገዋለህ።»

እርሾውን ከእህቴ ልክም ዝቅ አደረግሁት። ውሃውንም ትንሽ ቀነስኩ። ጋቢ የለም። እትዬ ነጠላቸውን እንኳ በአጠገቡ እንዳያሳልፉ ከለከልኳቸው። ክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት በየተራ አየን፤ እሳቸው ተራቸውን አያከብሩም። ሊጡ ቀስ ብሎ ወጣ። ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ቆመ። እትዬ «ቆመ» አሉ በሹክሹክታ፣ ልጅ ሲቆም እንዳዩ ሁሉ። መብሰል ሲጀምር ሽታው ቤቱን ሞላው። ወደ እናቴ ክፍል በር አየሁ። በሩ አልተከፈተም።

ጢጥ ሲል አወጣሁት። ትንሽ ወደ ጎን ዘምሟል፤ አናቱ ግን አልሰረገም። ሳህን ላይ አድርጌ ይዤላት ገባሁ። እትዬ ከኋላዬ ናቸው። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዳቦውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የእሷ አይደለም» አለች።

 ሳህኑን ይዤ ልመለስ ስል እጇን ዘረጋች። ዳቦውን አንስታ ገለበጠችው። ከሥሩ ሊጡን የሚያቦካው ብረት ተነቅሎ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ አለ፤ በዚህ ማሽን የተጋገረ ዳቦ ሁሉ አለው። ጣቷን አስገባችበት። ጥቂት ጊዜ እዚያው አቆየችው። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ከቀዳዳው ጠርዝ ቆረሰችና አፏ ከተተች።

እትዬ ክንዴን ይዘውኝ ነበር፤ ጥፍራቸው ይሰማኛል። እናቴ አላመጠች። ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«እሷ በዚህ ልክ ነበር የምታደርገው» አልኩ።

«ውሸትህን ነው። ልጄ ጨው አታሳንስም።» ሌላ ቆረሰች። እሱንም ዋጠችው። «አዝሙዱ ደግሞ በዝቷል። በዱቄት ልክ ነው እንዴ የምትጨምረው?»

«ፊዚክስ ሲያወራ ጨው ረስቶ ነዋ!» አሉ እትዬ።

«ቅርፊቱም ጠንክሯል።» ሦስተኛውን ቆረሰች።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉድ ካለበት ምን ያስበላሻል?» አሉ እትዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጡ። «ለእኔ በይው፣ ጥርሴ ጠንካራ ነው።»

እጃቸውን ሰደዱ። እናቴ አፏ እንደ ሞላ ዳቦውን አንስታ፣ እጃቸው እንዳይደርስበት በግድግዳው በኩል አስቀመጠችው።