የሙሄዲን አመድ

ሙሄዲን የሐርቡ ልጅ ነው፤ እንጀራው ግን ኮምቦልቻ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ከዚያ ክፉ ድርቅ ማግስት፣ የድንጋይ ከሰል እያነደደ መብራቱን ራሱ በሚያመነጭ አንድ ፋብሪካ እሳት ቆስቋሽ ሆኖ ተቀጠረ። ምድጃው ፊት ቆሞ ከሰሉን በአካፋ ያጎርሳል፣ ነዶ ያለቀውን ይዝቃል፣ አመዱን በጋሪ እየገፋ ከአጥር ውጭ ይደፋል። የሠፈሩ ሴቶች ነጠላ አጥበው ደጅ ማስጣት ትተዋል፤ ከፀሐዩ ቀድሞ ጥላሸቱ ይደርስበታላ! እሱም ሲያስለው ጥቁር ይተፋል። «ምን ይደረግ፣ የዳቦ ነገር ነው» ይልና ይስቃል። ሳቂታ ሰው ነበር፤ ያገኘውን ለሰው ካላካፈለ እንቅልፍ የማይወስደው።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ቸርነቱ ነው። ለገበሬ ልጅ አመድ ጥሩ ነገር ነው። ከእናቱ ጉልቻ ሥር የተዛቀ አመድ ጓሮ ሲበተን ትሉን ሲያባርር፣ ጎመኑን ሲያወፍር እያየ አድጓል። ፋብሪካው ግን ያን ሁሉ በረከት ቦርከና ወንዝ ዳር ወስዶ ይከምረዋል! አንጀቱ አልችል አለ። አለቃውን ቢያስፈቅድ፣ ክምሩ የቀለለለት አለቃ «ውሰደው፣ ውሰደው» አለው። ከዚያ በኋላ ወደ ሐርቡ የሚወርድ መኪና ባገኘ ቁጥር በጆንያ እየሞላ ይልክ ጀመር። ያሳደጉት አጎቱ አብዱልወሀብ በሽንኩርት መደባቸው ላይ እንደ ጉድ በተኑት። ጎረቤቶቹም ደረሳቸው። መንደሩ በሙሉ መረቀው፤ እሱም ምርቃቱን እየሰማ ደረቱን ነፋ።

ሽንኩርቱ በመጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ተኮማተረ፣ በመጨረሻም እሳት እንደነካው ሁሉ ደረቀ። ገበያ ወርዶ በእህል የሚለወጠው፣ የዓመቱ ቀለብ እሱ ነበር።

ሙሄዲን ለጁምዓ ሐርቡ ሲወርድ፣ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። ዓይን ነው ተባለ። የማን ዓይን? የመዲና! መዲና ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጠያቂ የሌላት ሴት ናት። በአብዱልወሀብ ማሳ ስታልፍ «እንዴት ያምራል!» ብላ ከዓይን የሚጠብቀውን «ማሻአላህ» ማለቱን ረስታለች። ይባስ ብሎ የሰው ሁሉ ሽንኩርት ሲደርቅ የእሷ ለምልሞ ቆሟል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሽማግሌዎቹ ለጸሎት ከሚሰበሰቡበት ዱዓ በኋላ ከመንደር ትውጣልን ሊባል ነው።

ሙሄዲን ማሳው ውስጥ ገብቶ አጎነበሰ። ግራጫውን አፈር በጣቱ ቆነጠረ። ያን ጊዜ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ክምር ትዝ አለው፤ ክረምት ከበጋ ዙሪያውን ሣር በቅሎበት አያውቅም። ዕለት ዕለት እያየው «ለምን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ዝም ቢል የሚጠረጥረው የለም፤ መዲና ግን ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ቢናገር ደግሞ አባት የሆኑለትን ሰው ያስራበው እሱ ነው።

ዱዓው ላይ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተደርድረዋል። መዲና ከደጅ ቆማለች። ሙሄዲን ፈራ ተባ እያለ ተነሣ።

«አፉ በሉኝ፣ አባባ» አላቸው አጎቱን። «ወላሂ ዓይን አይደለም፤ እኔ ነኝ። ያ የላክሁላችሁ የእንጨት አመድ አይደለም፣ የድንጋይ ነው። እዚያም የተደፋበት ቦታ ሣር አያበቅልም።»

«የመዲናስ ምነው ሳይነካው ቀረ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሙሄዲን አንገቱን ደፋ። «ለእት መዲና አልላክሁላትም። ዘመድ ዘመዴን ስል ረሳኋት።»

አብዱልወሀብ ጫታቸውን አስቀመጡና «አላህ አፉ ይበልህ፣ ልጄ። እኛንም ይበለን» አሉ። ከዚያም ለመዲና ቦታ እንዲለቀቅላት በእጃቸው አመለከቱ።

መዲና አልገባችም። ሙሄዲን እስኪወጣ ድረስ ደጅ ጠበቀችው። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲል ቀደመችው።

«ያንተን አመድ ስጠብቅ ከረምሁ፣ ልጄ» አለችው። «ለሁሉም ደርሶ እኔን ስትዘለኝ፣ ከሰው አልቆጠረኝም ብዬ ስንት ቀን አለቀስሁ መሰለህ።»